«እኩልዙር አንጓ»፦ መሪ ሲጠመዘዝ ስለሚንቀጫቀጨው ነገር

ቪትዜ አንድ ሰሞን ከግቢ ሳወጣት ብቻ የሚሰማ ድምፅ አመጣች። መሪዋን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ ቀስ ብዬ ስነዳ፦ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። መንገዱ ቀጥ ሲል ጭጭ። የመጀመሪያው ጋራዥ ተናግሬ ሳልጨርስ «አሞርዛተር ነው» አለኝ። ሁለቱንም የፊት አሞርዛተሮች አስቀይሬ፣ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ገና ከጋራዡ በር ስታጠፍ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

በሁለተኛው ጋራዥ ያገኘኋቸው ሽማግሌ መካኒክ መኪናዋን አልነዷትም። ጎንበስ ብለው ከቀኙ የፊት ጎማ ቸርኬ ጀርባ ጣታቸውን አሾለኩና ጥቁር ግሪስ ይዘው ወጡ።

«ጆይንቱ ነው ልጄ። ቀሚሱ ተቀዶ ግሪሱን ሁሉ ረጭቶታል።»

ጆይንት! ግን የቱ ጆይንት? ከመኪና ሥር ጆይንት የሚባል ነገር ብዙ ነው። እሳቸው ያሉት ሙሉ ስሙ «ሲቪ ጆይንት» የሚባለውን ነው። ሁለቱ ፊደላት የምን ምህፃር እንደሆኑ ለማወቅ ብዙ ሰው አይጨነቅም። የተጨነቀው ደግሞ ቃል በቃል ይፈታውና «ቋሚ ፍጥነት መገጣጠሚያ» ይለዋል። ይህ አፈታት ሰሚን ያሳስታል ባይ ነኝ። መኪናዋ በአንድ ፍጥነት ብቻ እንድትሄድ የሚያደርግ መሣሪያ ያስመስለዋልና። ቋሚ የሆነ ፍጥነት እዚያ ውስጥ የለም፤ ብትቆሙም ብትሮጡም ሥራው ያው ነው። ነገሩ እኩልነት ነው። ኃይል የሚያስገባው ዘንግና ኃይል የሚቀበለው ዘንግ፣ በመካከላቸው የቱንም ያህል መታጠፍ ቢኖር፣ በእያንዳንዷ ቅጽበት እኩል ይዞራሉ። ስለዚህ እኔ «እኩልዙር አንጓ» ብዬዋለሁ። «ፍጥነት» ያላልኩት ቃሉ ሲጠራ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ዳሽቦርድ ስለሚወረውር ነው። «አንጓ» ያልኩት ደግሞ ከእጅ አንጓ ወስጄ ነው። የሸምበቆም አንጓ አለ፤ እሱ ግን አይተጣጠፍም፣ ለዚህ አይሆነንም።

እኩል መዞር ይህን ያህል ለምን ያስቸግራል? ለዚህ ጋራዦቻችን ከጣሊያንኛ ወርሰው ለረጅም ዘመን የኖሩበትን «ክሮቸራ»ን ማየት ይበጃል። ክሮቸራ በሁለት ሹካዎች መካከል የተጋደመ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብረት ነው። አሮጌዎቹ ላዳ ታክሲዎችም የሃያስ ሚኒባሶችም የሚገፉት በኋላ ጎማ ስለሆነ፣ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ በክሮቸራ ይታጠፋል። አሠራሩን ከጣሊያናዊው ካርዳኖና ከእንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ስም ጋር የሚያያይዙት ብዙ ናቸው፤ ዕድሜው በመቶ ዓመታት ይቆጠራል። ጉድለቱ አንድ ነው። ሁለቱ ዘንጎች ማዕዘን ሲሠሩ፣ አስገቢው በእኩል ቢዞርም ተቀባዩ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ከሆነ ተቀባዩ ከአስገቢው 13 በመቶ ያህል እስከ መዘግየት፣ 15 በመቶ ያህል እስከ መፍጠን ይዋዥቃል። ከላዳ ሆድ ሥር ማዕዘኑ ትንሽ ስለሆነ፣ ደግሞም ሁለት ክሮቸራዎች አንዱ የሌላውን ስለሚያካክሱ፣ ማንም ልብ አይለውም።

የፊት ጎማ ግን እየገፋ ይታጠፋል። በክሮቸራ ብንሠራው በየመታጠፊያው መሪው በእጃችን ውስጥ ይንዘፈዘፍ ነበር። መፍትሔ ካመጡት አንዱ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፎርድ መሐንዲስ የነበረው አልፍሬድ ዜፓ ነው። ዘዴው ስድስት የብረት ኳሶች ናቸው። ኳሶቹ በውስጠኛውና በውጪኛው ብረት ላይ በተቦረቦሩ ቦዮች ይሄዳሉ፤ በመካከል ያለ ወንፊት መሳይ ቀለበት ደግሞ ሰብስቦ ይይዛቸዋል። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ዘንጎቹ የቱንም ያህል ቢታጠፉ፣ ስድስቱም ኳሶች ሁልጊዜ ማዕዘኑን እኩል ለሁለት በሚከፍለው ጠለል ላይ ይሰለፋሉ። ከሁለቱም ዘንጎች እኩል የራቀ ነገር ለሁለቱም እኩል ይሠራል፣ ስለዚህ መዋዠቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው የእንግሊዟ ሚኒ በዚህ አንጓ ተሠርታ በብዛት ተሸጠች፤ ከዚያ ወዲህ ትንንሽ መኪኖች በፊት ጎማ መገፋት የተለመደ ሆነ። የእኔዋ ቪትዝም የዚያው ዘር ናት።

በእያንዳንዱ የፊት ዘንግ ላይ ሁለት አንጓዎች አሉ። የውስጠኛው ከካምቢዮ ጋር የሚገናኘው ሲሆን፣ ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ዘንጉ እንዲረዝምና እንዲያጥር ይንሸራተታል። የውጪኛው ጎማው አጠገብ ያለው ነው፤ እስከ 45 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል፣ ቀጭ ቀጭ የሚለውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሁለቱም እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የጎማ ሽፋን ለብሰዋል። ሽማግሌው «ቀሚስ» ያሉት እሱን ነው፤ እኔም ከዚህ በኋላ ሌላ ስም አልፈልግለትም። ቀሚሱ ሲቀደድ ግሪሱ በዙሩ ኃይል ተረጭቶ ቸርኬው ላይ ይለጠፋል፣ በቦታው አቧራና ጭቃ ይገባል። አቧራ በግሪስ ሲለወስ የሞረድ ሥራ ይሠራል። ኳሶቹ ቦያቸውን እየፋቁ ጉድጓድ ያበጁና፣ መሪ ሲጠመዘዝ ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ እየዘለሉ ይወጣሉ። በቀጥታ መንገድ ዝም ያለው ኳሶቹ ከለመዱት ቦታ ስለማይወጡ ነው።

ለማረጋገጥ ሰፊና ሰው የሌለበት ሜዳ ይበቃል። መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ጠምዝዛችሁ፣ መጠነኛ ነዳጅ እየሰጣችሁ ቀስ ብላችሁ ክብ ሥሩ። ከዚያ ወደ ቀኝ። ከዚያ በሪትሮ ድገሙት። ወደ ግራ ስትዞሩ ክብደቱ በቀኙ ጎማ ላይ ስለሚያርፍ፣ ያኔ የጮኸው አብዛኛውን ጊዜ የቀኙ አንጓ ነው። «አብዛኛውን ጊዜ» ያልኩት ብረት ድምፅን ስለሚያሻግር ነው፤ ያላመነ ሰው ራቅ ብሎ የሚያዳምጥለት ጓደኛ ያቁም። ድምፁ የሚከተለው የጎማውን ዙር ነው። የቪትዝ ጎማ በአንድ ዙር 1.8 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በሴኮንድ አንድ ዙር ተኩል ማለት ነው። ፍጥነት ስትጨምሩ ቀጭቀጭታው ከፈጠነ፣ ስትቀንሱ ከዘገየ፣ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ነገር ይዛችኋል።

የእኔ የመጀመሪያ ጋራዥ አንድ ነገር ቢጠይቀኝ ኖሮ ገንዘቤ ይተርፍ ነበር፦ «መኪናዋ ቆማ መሪ ስታዞር ይሰማል?» አንጓው የሚጮኸው ሲዞር ነው። መኪና ቆማ ሳለች ሲጥጥ ወይም ግጭ የሚል ነገር ካለ አሞርዛተሩ ከላይ የሚቀመጥበትን ማረፊያ፣ ወይም ቴስቲናውን መጠርጠር ነው። መሪ ጥግ ሲደርስ እንደ ማልቀስ የሚል ከሆነ ደግሞ በዘይት ለሚሠራ መሪ የፓምፑን ዘይት እዩ። አማርኛ ለድምፅ ስስታም አይደለም፤ ቀጭ፣ ሲጥጥ፣ ጓ፣ እምምም እያንዳንዳቸው ሌላ ብረት ይጠቁማሉ። ጉድጓድ ስትረግጡ ጓ የሚለው የላላ ነገር ነው፣ በፍጥነት መንገድ ላይ እምምም የሚለው በአብዛኛው ኩሽኔታ ነው። ለመካኒክ «ድምፅ አላት» ከማለት ድምፁን ማስመሰል ይሻላል፤ ማንም አይስቅባችሁም፣ መካኒኩም እያስመሰለ ነው የሚመልሰው። የውስጠኛው አንጓ ሲያልቅ ግን ምልክቱ ሌላ ነው፦ ቀጥ ባለ መንገድ ነዳጅ ስትሰጡ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ስትለቁ ትተወዋለች።

ቀሚሱ ብቻ ተቀዶ ድምፅ ካልጀመረ ዕድለኛ ናችሁ፤ አንጓው ታጥቦ፣ አዲስ ግሪስ ጠጥቶ፣ አዲስ ቀሚስ ይለብሳል። መጮህ ከጀመረ በኋላ ግን ግሪስ መጠቅጠቅ ለጥቂት ጊዜ ዝም ያሰኘዋል እንጂ የተቦረቦረ ብረት አይሞላም። መኪና ስትገዙ ቸርኬው በእንግዳ ንጽሕና ታጥቦ ካገኛችሁት መሪውን ጠምዝዛችሁ ሁለት ዙር ሳትዞሩ ብር አትቁጠሩ። ኤሌክትሪክ መኪናም ከዚህ አያመልጥም፤ ፍሪሲዮን ላይኖራት ይችላል፣ እኩልዙር አንጓ ግን አላት፤ ሞተሯም ስለማይጮህ ቀጭታው ቶሎ ይሰማል።

ስሙን ለሽማግሌው መካኒክ ነገርኳቸው። «እኩልዙር አንጓ» ብለው አንድ ጊዜ ደገሙትና ሳቁ።

«ስሙስ ደስ ይላል ልጄ። መለዋወጫ ሱቅ ሄደህ እንዲህ ካልክ ግን ምሳ ሰዓት ይደርስብሃል። የውጪ ሲቪ ጆይንት፣ የቀኝ በል። አሮጌውንም ይዘኸው ሂድ፤ ጥርሱን ቆጥረው ይስጡህ።»

ቆጥረው ሰጡኝ። መጀመሪያ ያወጡልኝ በሁለት ጥርስ ይበልጥ ነበር።