የተሽከርካሪ መድን ዓይነቶችና የሽፋናቸው ወሰን

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የሚንቀሳቀስ የሞተር ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው አዋጅ ቁጥር 559/2000 የደነገገ ሲሆን፣ ግዴታው በአዋጅ ቁጥር 799/2005ም ጸንቷል። ይህ ሽፋን የተዘረጋው ለባለንብረቱ ሳይሆን በተሽከርካሪው ለሚገጨው እግረኛና ንብረቱ ለሚወድምበት ሌላ ሰው ነው። ተሽከርካሪው ቢገለበጥ የጥገናው ወጪ በዚህ መድን አይሸፈንም፤ መሪውን የያዘው አሽከርካሪም ሦስተኛ ወገን አይባልም። በመስታወት ላይ የሚለጠፈውን ምልክት የሙሉ ዋስትና ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ ስህተት ነው።

መድን ሰጪው የሚከፍለው ካሳ ጣሪያ አለው። አዋጅ ቁጥር 559 ሲወጣ ለሞት የሚከፈለው ከ5,000 ብር የማያንስና ከ40,000 ብር የማይበልጥ፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ በመሆኑ፣ ፍርድ ቤት ከጣሪያው በላይ ካሳ ከወሰነ ልዩነቱ ከባለቤቱ ይጠየቃል። ገጭቶ ባመለጠና ማንነቱ ባልታወቀ ተሽከርካሪ ለተጎዱ ሰዎች ደግሞ የመድን ፈንድ ተቋቁሟል።

ሙሉ ሽፋን በፈቃድ የሚገባ ውል ነው። ለሦስተኛ ወገን ካለው ኃላፊነት በተጨማሪ በግጭት፣ በመገልበጥ፣ በእሳትና በስርቆት በራሱ በተሽከርካሪው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ያካትታል። ከዚህ ያነሰ አረቦን የሚጠይቀውና ለእሳትና ለስርቆት ብቻ የሚገባው ውል ግጭትን አይጨምርም። ሁከትና የፖለቲካ አመፅ በአብዛኛው ተጨማሪ አረቦን ካልተከፈለባቸው ከሙሉ ሽፋንም ውጪ ናቸው። አሽከርካሪው ለተሽከርካሪው ዓይነት የሚያበቃ መንጃ ፈቃድ ከሌለው ወይም ጠጥቶ ካሽከረከረ መድን ሰጪው ክፍያ ሊከለክል ይችላል።

ሙሉ ሽፋን ገብተውም ለኪሳራ የሚዳረጉ አሉ። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ መድን የተገባበት ዋጋ ማነስ ነው። የገበያ ዋጋው 2,000,000 ብር የሆነ ተሽከርካሪ በ1,200,000 ብር መድን ቢገባና 300,000 ብር የሚያወጣ ጉዳት ቢደርስበት፣ መድን ሰጪው በድርሻው ስሌት 180,000 ብር ይከፍላል፤ ከዚህም ላይ መድን ገቢው በእያንዳንዱ አደጋ ራሱ እንዲሸፍን በውሉ የተመደበበት መጠን ይቀነሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ የብር ምንዛሪ ዋጋ በእጅጉ የቀነሰ በመሆኑ፣ በቀድሞ ግምት የሚታደስ ውል ለዚህ ችግር የተጋለጠ ነው። ግምቱ በየዓመቱ ከእድሳቱ በፊት እንዲከለስ ማድረግ ደግሞ የንብረት አስተዳደሩ ሥራ ነው።

ወደ ጅቡቲ ለሚመላለሱ ተሽከርካሪዎች የአገር ውስጡ የሦስተኛ ወገን መድን ብቻውን አይበቃም። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ሥርዓቱን በተቀበሉ አባል አገሮች በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚያገለግል ሲሆን፣ ከጉዞው በፊት ከመድን ሰጪው ይወሰዳል።