ሴቶቹ ያቆዩት ስም

እህቶቼ፣ ከኳስ ጋር ብዙም የማትዋደዱ ብትሆኑም ይቺን ታሪክ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ስለ ኳስ ብቻ አይደለችም። ስለ ደመወዝና ስለ ውል፣ "አሠሪው ነገ ምን ይል ይሆን?" ስለሚለው የሁላችንም ጭንቀትም ናት።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ማብቂያው ላይ ነበር። የምሳ ዕቃ እያጠብኩ ስልኬን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፌ ውጤት እከታተላለሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች ቡድን ኡጋንዳ፣ ንጄሩ ላይ ከታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ ጋር የሴካፋ ዞን ፍጻሜ እየተጫወተ ነው። ያሸነፈ ወደ አፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ይሄዳል፣ የተሸነፈ ወደ አገሩ ይመለሳል። ነገሩ በመለያ ምት ሆነና ተሸነፍን። በማግስቱ ከላይኛው ፎቅ የምትሠራው ታንዛኒያዊት ጓደኛዬ ደረጃው ላይ አግኝታኝ እስኪበቃት ሳቀችብኝ። ለአንዷ የአገሬ ልጅ ብነግራት ደግሞ "ቆይ፣ ባንክ ብር ይቆጥራል እንጂ ኳስ ምን አገባው?" አለችኝ።

ጥያቄዋ ትክክል ነው። መልሱ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ይወስደናል።

ንግድ ባንክ ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ለሁለት ተከፈለና አንዱ ብሔራዊ ባንክ፣ ሌላው ንግድ ባንክ ሆነ። ደርግ ሲመጣ በ1967 ባንኮች ሁሉ ተወረሱ። በ1972 ደግሞ ንግድ ባንክ ከአዲስ ባንክ ጋር ተዋህዶ የአገሪቱ ብቸኛ የንግድ ባንክ ሆነ። በዚያ ዘመን ስፖርትም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ በመሥሪያ ቤት ስር ነበር። የድሮ ቡድኖችን ስም እስቲ አስታውሱ፦ መብራት ኃይል፣ ምድር ባቡር፣ መድን፣ ቡና ገበያ። መቻል የጦሩ ነው፣ ኦሜድላ የፖሊስ። የባንክ ሠራተኞቹም ቡድን "ባንኮች" ይባል ነበር። ስሙን ስትሰሙ አሠሪው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ብዙው ተጫዋች የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነበር፣ ደመወዙም የሚወጣው ከዚያው ካዝና ነው።

ይህ አሠራር ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ጥሩ ጎኑ፣ ደመወዝ በወሩ ይገባል። ደጋፊ ስታዲየም መጣም ቀረም፣ ትኬት ተሸጠም አልተሸጠም፣ ተጫዋቹ ጦሙን አያድርም። መጥፎ ጎኑ ደግሞ፣ የቡድኑ ዕድሜ ያለው በአሠሪው እጅ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች አንድ ቀን ተሰብስበው "ይብቃን" ካሉ በቃ። ደጋፊው አይጠየቅም፣ ተጫዋቹም አይጠየቅም።

በንግድ ባንክ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። "ባንኮች" የሚለው ስም ቀርቶ ቡድኑ በባንኩ ስም መጠራት ከጀመረ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. የወንዶቹ ቡድን ከጅማ አባ ቡናና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ። ሌላ ቡድን ቢሆን ወደ ከፍተኛ ሊግ ወርዶ እንደገና ለመመለስ ይታገላል። ባንኩ ግን የወንዶቹን ቡድን አፈረሰው። ተጫዋቹ ሻንጣውን ይዞ ሌላ ክለብ ፍለጋ ሄደ።

የሴቶቹ ቡድን ግን አልፈረሰም። እኔን ደጋግሞ የሚገርመኝ ይህ ነው። በአገራችን የለመድነው ተቃራኒውን ነው፦ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው የሴቶቹ ነው። እዚህ ወንዶቹ ተበትነው የባንኩን ስም ሜዳ ላይ ይዘው የቀሩት ሴቶቹ ሆኑ። ስለ ንግድ ባንክ ኳስ ማውራት ለዓመታት ስለ ሴቶች ኳስ ማውራት ነበር።

ያም ሆኖ ጊዜው ቀላል አልነበረም። ያን ጊዜ የሴቶች ሊግ ንግሥት ደደቢት ነበረች፤ ሎዛ አበራን ይዛ ዋንጫውን በተከታታይ ትወስድ ነበር። ሎዛን የማታውቋት ካላችሁ፣ ከከምባታ፣ ከዱራሜ የተነሳች አጥቂ ናት። በ2011 ዋንጫው ወደ አዳማ ከተማ ሄደ። በ2012 ኮሮና ሊጉን አቋረጠው። ሎዛ በዚያ ዓመት ማልታ ነበረች፣ ለቢርኪርካራ እየተጫወተች የሊጉ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆናለች። ከዚያ ተመልሳ ለንግድ ባንክ ፈረመች። ከ2013 እስከ 2016 ዓ.ም. አራት ዓመት ሙሉ የሊጉ ዋንጫ ከባንክ ቤት አልወጣም። አሠልጣኙ ብርሃኑ ግዛው፣ በረኛዋ ታሪኳ በርገና፣ ፊት ላይ ሎዛ፣ አረጋሽ ካልሳ፣ ሴናፍ ዋቁማ። እነዚህን ስሞች ያዙልኝ።

የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ በ2013 ሲጀመር ባንክ ለዞኑ ማጣሪያ ናይሮቢ ሄደ። እስከ ፍጻሜ ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2014 እንደገና ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ። በ2015 ያቺ የነገርኳችሁ የመለያ ምት መጣች። ሦስት ጊዜ በር ላይ ደርሶ መመለስ ማለት ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቪዛ ስንጠብቅ የኖርን ሰዎች ነን።

በነሐሴ 2016 ማብቂያ ማጣሪያው አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። በአበበ ቢቂላ ስታዲየም ባንክ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸንፎ አለፈ። ከኢትዮጵያ ለዚህ ውድድር የበቃ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ።

አሁን ልብ በሉ። ጄኬቲ የታንዛኒያ የብሔራዊ አገልግሎት ሠራዊት ቡድን ነው። ፖሊስ ቡሌትስ፣ ስሙ እንደሚለው፣ የፖሊስ ነው። የእኛው የባንክ ነው። በእኛ ሰፈር የሴት ኳስ እንዲህ ነው የቆመው፤ ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት ከኋላው ሲኖር። የትኬት ገቢ ቢጠበቅ ኖሮ እነዚህን ልጆች ማንም አያውቃቸውም ነበር።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ሆኗል። የፈረሰው የወንዶቹ ቡድን እንደገና ተቋቁሞ፣ በ2015 ከከፍተኛ ሊግ አድጎ፣ በ2016 ከመቻል ጋር ተናንቆ የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። ለወንዶቹ የመጀመሪያቸው ነው። ስለዚህ በ2016 ሁለቱም ዋንጫ አንድ ቤት ገባ። ወንዶቹ በአፍሪካ መድረክ የኡጋንዳውን ኤስሲ ቪላ ቢያልፉም ቀጥሎ በታንዛኒያው ያንጋ ተሸነፉ። በደርሶ መልሱ ሰባት ግብ ገባባቸው። ታንዛኒያዊቷ ጓደኛዬ ያን ሰሞን ደረጃው ላይ እንዳታገኘኝ በሊፍት ነበር የምወጣው።

ሴቶቹ በኅዳር 2017 ሞሮኮ ሄዱ። ምድቡ ከባድ ነበር፤ የደቡብ አፍሪካው ሰንዳውንስ፣ የናይጄሪያው ኤዶ ኩዊንስና የግብጹ ማሳር። ከምድቡ አላለፉም። ሎዛም በዚያው ክረምት አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ለሚገኝ ክለብ ፈርማለች። እሷም እንደ እኛ ባሕር ተሻግራ ነው ለሥራ የሄደችው። ልዩነቱ ውሏ ነው። ስንት ዓመት፣ በስንት ብር፣ ከማን ጋር እንደፈረመች ታውቃለች፤ ጊዜው ሲያልቅም በራሷ ፓስፖርት ወደምትፈልገው ትሄዳለች።

ይህን ታሪክ የጻፍኩላችሁ ባንኩን ለማመስገን አይደለም። የሴት ተጫዋችና የወንድ ተጫዋች ደመወዝ አገራችን ውስጥ ዛሬም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ባንኩ ለመውቀስም አይደለም፤ ሴቶቹን ያቆያቸው እሱው ነው። ለማለት የፈለግኩት ይህን ነው፦ እነዚያ ልጆች ወንዶቹ በተበተኑበት ዓመት "ነገ የእኛ ተራ ይሆናል" እያሉ ልምምድ ወጥተዋል። ያንን ፍርሃት እናውቀዋለን። ማዳም "ከሚመጣው ወር ጀምሮ አልፈልግሽም" ስትል ምን እንደሚሰማ ማንም አያስረዳንም። ሥራችንን እንዴት እንደምንሠራ የምንወስነው እኛ ነን። ሥራው ይቀጥል አይቀጥል የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ የተጻፈ ውል ይኑራችሁ። ቅጂውን በራሳችሁ ስልክ ያዙ። አንድ ላይም ሁኑ፤ አንዲት ተጫዋች ብቻዋን ቡድን አትሆንም።

ብዙዎቻችን በየወሩ የምንልከው ገንዘብ እናቶቻችን ጋ የሚደርሰው በዚሁ ባንክ መስኮት ነው። ከእንግዲህ የተላከውን ለማውጣት ወረፋ ይዘው ሲደውሉላችሁ "እማዬ፣ የዚህ ባንክ ልጆች እኮ ሞሮኮ ደርሰዋል" በሏቸው። እኔ ነግሬያለሁ። እናቴ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? "ታዲያ ደመወዛቸውን ይከፍሏቸዋል?"