ጎንደር የሰመጠችበት መስከረም

በ1933 ዓ.ም. መስከረም የአገው ምድሮቹ ዳንግላና እንጅባራ ገና የጣሊያን ጦር ሰፈር ነበሩ። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ «ሚሽን 101» የተባለውን ጓድ እየመራ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ተሻግሮ ገብቷል፤ ዓመታትን በዱር በገደል ያሳለፉት የጎጃም አርበኞችም የነፃነቱ ቀን መቅረቡን መስማት ጀምረዋል። በዚያው ወር፣ ከአገው ምድር እጅግ ርቆ በሜዲትራኒያን ባሕር፣ «ጎንደር» የሚል ስም የተሸከመች የጣሊያን ሰርጓጅ መርከብ ወደ እስክንድርያ ትገሰግስ ነበር።

ስሙ በአጋጣሚ የወጣላት አይደለም። ፋሺስቱ መንግሥት በወረራው ዓመታት ካሠራቸው 17 አንድ ዓይነት ሰርጓጅ መርከቦች ለአብዛኞቹ የአገራችንን ቦታዎች ስም ሰጥቷል፤ አድዋ፣ አክሱም፣ አላጌ፣ አሸንጌ፣ ተምቤን፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ ሽሬ። አባቶቻችን ድል የመቱበትን ስፍራ ስም ጭምር ጠላት በመርከቡ ላይ ጽፎ ባሕር ለባሕር መዞሩ ዛሬም ያንገበግበኛል። የ1888ቱን ውርደት በቀለም ሊሸፍኑት የፈለጉ ይመስለኛል።

ከነዚህ መርከቦች ቀድማ የጠፋችው መቀሌ ናት። ጣሊያን ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደገባች ከምጽዋ ወጣች። ለአየር ማቀዝቀዣው የሚያገለግለው ጋዝ አፈትልኮ መርከበኞቹን መረዛቸው፤ አእምሯቸው ታወከ፣ አቅጣጫም ጠፋባቸው። ሰኔ 8 ቀን 1932 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ከውሃ በታች ካለ ዓለት ጋር ተላትማ ሰመጠች። የተረፉት ጠፍ ደሴት ላይ አንድ ሳምንት ቆይተው ሌላ ሰርጓጅ መርከብ ደረሰችላቸው።

ጎንደር 60 ሜትር ያህል ርዝመትና 6 የቶርፔዶ መተኮሻዎች ነበሯት። ለዚህ ጉዞ ግን ጀርባዋ ላይ 3 ትልልቅ በርሜሎች ተገጠሙላት። በውስጣቸው ጣሊያኖች «ማያሌ»፣ ማለትም አሳማ፣ የሚሉት መሣሪያ ነበር፤ ሁለት ጠላቂዎች እንደ በቅሎ ተፈናጠው በውሃ ውስጥ የሚነዱት፣ ፈንጂውን ከጠላት መርከብ ሆድ ሥር አጣብቀው የሚመለሱበት ቶርፔዶ። ዒላማው እስክንድርያ ወደብ ያለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ነው።

መስከረም 19 ምሽት ወደቡ አጠገብ ስትደርስ የእንግሊዝ መርከቦች ከወደቡ ወጥተዋልና ተመለሺ የሚል መልእክት መጣላት። የመጣችበት ሁሉ ከንቱ ሆነ። ፊቷን ስታዞር ግን ስቱዋርት የተባለችው የአውስትራሊያ አጥፊ መርከብ ደረሰችባት። ሌሊቱን ሙሉ የጥልቅ ውሃ ቦምብ ዘነበባት። በማለዳ ውሃ እያስገባች ወደ ላይ ወጣች፤ ከሰማይ ደግሞ ሰንደርላንድ የባሕር አውሮፕላን ይጠብቃት ነበር። መርከበኞቹ ራሳቸው እንድትሰምጥ አመቻችተዋት ባሕር ውስጥ ዘለሉ። አንድ ሰው ሞተ፣ የቀሩት ተማረኩ። ከምርኮኞቹ አንዱ ከቴሴዮ ቴሴይ ጋር «አሳማውን» የፈለሰፈው ኤልዮስ ቶስኪ ነበር።

ያው መሣሪያ በታኅሣሥ 1934 ዓ.ም. ከሽሬ ላይ ወርዶ እስክንድርያ ውስጥ ሁለት የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን ክፉኛ መጉዳቱ እውነት ነው። ሽሬም ከዚያ ዓመት ሳይሞላ ሃይፋ አጠገብ ሰመጠች። ከ17ቱ ጦርነቱን የተረፈችው አላጌ ብቻ ናት።

በአገር ቤት ደግሞ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች ዳንግላንና እንጅባራን ለቀው ወጡ። በመጋቢት መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ መጋቢት 30 ምጽዋ ወደቀች። በአገራችን የፋሺስቱ የመጨረሻ ምሽግ ግን ጎንደር ከተማ ነበረች። ጄኔራል ናሲ እዚያ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ ስሟን የወሰደችው መርከብ ባሕር ወለል ላይ 14 ወር ከተኛች በኋላ።