የኡስታድ ቢስሚላህ ካን የወጣቶች ሽልማት
የሕንድ ብሔራዊ የሙዚቃ፣ የውዝዋዜና የቴአትር ተቋም የሆነው ሳንጊት ናታክ አካዳሚ ከ40 ዓመት ላልበለጡ ከያንያን የሚሰጠው ሽልማት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ።

ስያሜው በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ላረፈው የሸህናይ ሊቅ ቢስሚላህ ካን መታሰቢያ ነው። ሸህናይ ጥንድ የሸምበቆ ምላስ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን የሠርግና የበዓል ማድመቂያ ነበር። ቢስሚላህ ካን ወደ ክላሲካል ሙዚቃ መድረክ አወጣው። ሙስሊሙ ካን በቫራናሲ በሂንዱ ቤተ መቅደስ ለዓመታት ተለማምዷል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ክብር ባራት ራትናን ተቀብሏል። ለወጣት ከያንያን ከዚህ የተሻለ አርአያ ማግኘት ያስቸግራል።

ሽልማቱ የሰሜኑን የሂንዱስታኒና የደቡቡን የካርናቲክ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜን፣ ቴአትርን፣ ባህላዊ ጥበባትንና የአሻንጉሊት ትርኢትን ያካትታል። ተሸላሚው 25,000 ሩፒ ይቀበላል። ገንዘቡ መጠነኛ ነው፤ ትልቁ ነገር ዕውቅናው ነው። የሕንድ ክላሲካል ሙዚቃ የዜማ ሥርዓት የሆነው ራጋ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጠው ለዓመታት የሚማሩት ጥበብ በመሆኑ፣ በዚህ ሙያ የ40 ዓመት ሰው ገና ወጣት ይባላል፤ የአካዳሚው ዋና ሽልማት ደግሞ በአብዛኛው ለአንጋፎች ነው።