ካራንቲና፦ ከወረቀት እስከ አብሸር

ካራንቲና ስሙን ያገኘው ከኳራንታይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ኮሌራ መካ ላይ ብዙ ሐጃጅ ከፈጀ በኋላ፣ መንግሥታት በ1866 ኢስታንቡል ላይ ተሰብስበው መከሩ። ከዚያ ወዲህ በባሕር የሚመጣ መንገደኛ ተመርምሮና ቀን ቆጥሮ፣ ወረቀቱን ይዞ የሚያልፍበት ሥርዓት እየጠበቀ ሄደ።

ዘመን ተቀየረ፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፦ «ወረቀትህ የታለ?» ቀደም ብለው የመጡት ወገኖቻችን ኢቃማን በደብተር መልክ ያውቁታል። ኋላ ካርድ ሆነ፤ ዛሬ በአብሸር ስልክ ውስጥ ገብቷል። ወረቀት ላለው ሰው እፎይታ ነው፤ የጀዋዛት ሰልፍ ቀርቶለታል። ግን መዝገቡን የሚያንቀሳቅሰው ማነው? ኢቃማ የሚያሳድሰው ከፊል ነው። «ጠፋብኝ» ብሎ ሁሩብ የሚያስመዘግበውም እሱው ነው፤ ያውም ከቤቱ ሳይወጣ። በ2013 መጨረሻ አሰሳው ሲጀመር በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በባሕር የገቡ ብቻ አልነበሩም፤ በሕጋዊ ቪዛ መጥተው ከከፊል የወጡም ነበሩባቸው።

ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ካራንቲናን ጨምሮ የጅዳ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ የካሳ ማመልከቻ በከተማው አስተዳደር ድረ ገጽ ተከፈተ፤ ለባለንብረት። ስንት ዓመት ኪራይ የከፈለች እህታችን ግን እዚያ መዝገብ ላይ የለችም።

ስለዚህ ወገን፣ ኢቃማ ያላችሁ አብሸርን በራሳችሁ ስልክ ቁጥር ክፈቱ። የይለፍ ቃሉን ለከፊልም ለደላላም አትስጡ። ኢቃማችሁ መቼ እንደሚያበቃ ራሳችሁ እዩ። መዝገቡን ሌላ ሰው ቢጽፈውም፣ ማንበቡ እንኳ የእኛ ይሁን።