ከእቅፍ እስከ ማሽን፦ በምሥራቅ አዲስ አበባ ጫጩት የማስፈልፈል ታሪክ

ዶሮን እንቁላል ማስታቀፍ በኢትዮጵያ እጅግ ያረጀ የጓሮ ሙያ ነው። በትግራይ መዝብር በተባለ ጥንታዊ መንደር ከተቆፈሩት የዶሮ አጥንቶች መካከል ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ9ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የሚመደቡ ይገኛሉ፤ በአፍሪካ ከታወቁት ቀደምት የዶሮ ቅሪቶች ውስጥ ናቸው። ከዚያ ዘመን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በአገሪቱ ጫጩት የሚገኘው ከእናት ዶሮ እቅፍ ብቻ ነበር።

ዛሬ ኮንዶሚኒየም፣ ቪላና የኢንዱስትሪ ፓርክ የሞላባቸው የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ቦሌ አራብሳ፣ ቦሌ ለሚና ቦሌ ቡልቡላ ትናንት የገበሬ መንደሮች ነበሩ። እንደ ሌላው የገጠር አካባቢ ሁሉ በእነዚህም መንደሮች ዶሮ የሴቶች ሀብት ነበረች። ለበዓል የሚሸጥ አውራ ዶሮ ወደ ገበያ ይወርድ ነበር፤ ቄቦቹ ለዘር ይቀሩ ነበር።

የሐበሻ ዶሮ ከ12 እስከ 15 እንቁላል ከጣለች በኋላ ከጎጆዋ አልነሳ ትላለች፤ ላባዋን ነፍታ ታጉረመርማለች። ያን ጊዜ ባለቤቷ ያልተሰነጠቁና ያልቆዩ እንቁላሎችን መርጣ፣ ጭድ በጎዘጎዘችበት እንቅብ ወይም ሰባራ ገንቦ ውስጥ አስቀምጣ፣ ጨለም ባለ ጥግ ታስታቅፋታለች። ዶሮዋ እንቁላሎቹን በምንቃሯ በየጊዜው ታገላብጣለች፤ ለመብላትና ለመጠጣት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ትነሳለች። በሳምንቱ እንቁላሉ በጨለማ ወደ ብርሃን ሲያዝ ቀይ የደም ሥር ከታየበት ጽንስ አለው፤ ጥርት ብሎ ከታየ ይወጣል። በ20ኛው ቀን ግድም ከቅርፊቱ ውስጥ ጭውጭውታ ይሰማል፤ በ21ኛው ቀን ጫጩቶቹ ይፈለፈላሉ።

ወቅት መምረጥም የሙያው አካል ነው። የክረምት ብርድና ዝናብ ጫጩት ስለሚፈጅ ከመስከረም በኋላ ያለው የበጋ ጊዜ ይመረጣል። በዐቢይ ጾም እንቁላል ገበያ ሲያጣ የተከማቸውን ማስታቀፍ ይቀላል። ከእንቁላሉ የሚገኘው ገንዘብ ከተፈለገ ግን ዶሮዋ እንዳትታቀፍ ውኃ ውስጥ ትነከራለች፤ ወይም ላባ በአፍንጫዋ ይሰካል። ለመታቀፍና ጫጩት ለማሳደግ በምታጠፋው ጊዜ እንቁላል ስለማትጥል በዓመት የምትሰጠው ከ40 እስከ 60 ብቻ ነው።

ይህን የማስታቀፍ ልማድ ያናጋው የፈረንጅ ዶሮ መምጣት ነው። በ1940ዎቹ በጅማና በዓለማያ የተከፈቱት የእርሻ ትምህርት ቤቶችና የደብረ ዘይት (የዛሬዋ ቢሾፍቱ) የምርምር ጣቢያ እንደ ኋይት ሌግሆርን ያሉ ዝርያዎችን አስተዋወቁ። የዛሬዎቹ እንቁላል ጣይ ዝርያዎች በዓመት 300 ያህል ይጥላሉ፤ ይህ የተገኘው ግን የመታቀፍ ጠባይ በምርጫ ከዘራቸው እንዲወጣ ተደርጎ ነው። ስለዚህ የእናትን ሥራ ማሽን ተረከበ፦ 37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ግድም ሙቀት፣ የተመጠነ እርጥበት፣ እስከ 18ኛው ቀን በየጊዜው ማገላበጥ።

በ1950ዎቹ የተሠራው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም የዚህ ታሪክ አካል ሆነ። ጫጩት ከመፈልፈሉ በፊት የእንቁላሉን አስኳል ወደ ሆዱ ስለሚስብ፣ ሳይበላና ሳይጠጣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። በዚህም የተነሣ የአንድ ቀን የወላጅ ዝርያ ጫጩቶች በካርቶን ታሽገው ከአውሮፓ በቦሌ ይገባሉ፤ ከዚያ ቢሾፍቱን ወደ መሳሰሉ የርባታ ማዕከላት ይጓዛሉ።

በ1996 የኮንዶሚኒየም ግንባታ በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀምሮ ወደ ምሥራቅ ሲስፋፋ ጓሮው ጠበበ፤ የማስታቀፊያው ጥግም በብዙ ቤት አብሮ ጠፋ። አሁን ከተሜው የሚገዛው በማሽን ተፈልፍሎ፣ ክትባት ተሰጥቶት ያደገ «የ45 ቀን» ጫጩት ነው። መንግሥት በ2015 የጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ይህንኑ አሠራር አስፋፋ።

እንቁላሉ በዝቷል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን የፈረንጅ ዶሮ መጣል ስታቆም ምትክ ከገበያ ይገዛል። የሐበሻ ዶሮ ምትኳን ራሷ ታቅፋ ታወጣለች። በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳርቻ ጓሮ በተረፈባቸው ቤቶች የማስታቀፍ ሙያ እስከ ዛሬ የቆየው ለዚህ ነው።