የሞተር ማስነሻ መስመር ብልሽትን ስለመለየት

የተሽከርካሪ ሞተር አልነሳ ባለ ቁጥር ሞተሪኖ መቀየር የተለመደ ነው። ሆኖም ብልሽቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በባትሪው ወይም በሽቦ ማያያዣዎቹ ላይ በመሆኑ አሽከርካሪው ለአላስፈላጊ ወጪ ይዳረጋል።

ከምርመራው በፊት ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑና የእጅ ፍሬኑ መያዙ መረጋገጥ አለበት። ቁልፉ ሲዞር ተደጋጋሚ የ«ቀጭ ቀጭ» ድምፅ ከተሰማና መብራቱ ከደበዘዘ ኃይል አንሷል ማለት ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ሳይሠራ 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ በማስነሳት ወቅት ከ9.6 በታች ከወረደ ቻርጅ ተደርጎ እንደገና ይለካል።

ባትሪው ጤናማ ከሆነ ተርሚናሎቹ ይታያሉ። የዛጉ ከሆኑ ኔጋቲቩ አስቀድሞ ተፈትቶ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳሉ፤ ሲታሰር ግን ኔጋቲቩ የመጨረሻው ይሆናል። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ሽቦ በአብዛኛው ይዘነጋል፤ እርሱ ከላላ አዲስ ሞተሪኖ እንኳ በአግባቡ አይሠራም።

ምንም ድምፅ ከሌለ ፊውዝ፣ ሪሌና የቁልፉ ማብሪያ ይፈተሻሉ። ሞተሪኖው የሚወርደው ቁልፉ ሲዞር በሁለቱም ሽቦዎቹ በቂ ኃይል እየደረሰው አለመዞሩ በመለኪያ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። የሞተሪኖውን ጫፎች በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሳት ማርሽ ውስጥ የቀረ ተሽከርካሪን በድንገት ስለሚያንቀሳቅስ ፈጽሞ አይመከርም።